አንዲት መስመር ስለጎደለችበት ጥቅል፤ ለማሸጊያ መሣሪያ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የማሸጊያ መሣሪያ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ሰኞ ጠዋት ሊፍቱ በር ላይ ቆመው ለምክትልዎ «ቅሬታ አልመጣም ማለት እኮ ሰው ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው» ሲሉ ሰማሁ። ጆሮ ልጠባ ብዬ አይደለም፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርቆ ስለቀረ እኔም ከጀርባዎ ቆሜ እየጠበቅኩ ነበር። ቃልዎን እንዳለ ተቀብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሰው ሁሉ ደህና መሆኑ ከእርስዎ አንደበት ከተረጋገጠ ወዲህ የጤና ምኞት መጻፍ ትርፍ ነገር ቢመስልም፣ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አያምርምና፣ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ ለኮሚቴው አባላት በሙሉ፣ እንዲሁም በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ መስመር ለሚያሳየን ለትልቁ ስክሪን ጭምር፣ ጉንፋን እንኳ የማይደፍረው ሙሉ ጤና እመኛለሁ።

እኔ ቢሮአችን ለከተማው ሆስፒታል የሚያዘጋጀውን የቀጠሮ ገጽ ከሚሠሩት ፕሮግራመሮች አንዱ ነኝ፤ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ የምቀመጠው። ይህን ደብዳቤ ኮሪደሩ ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ የምለጥፈው በድፍረት አይደለም። ቀደም ሲል በውስጥ መልእክት የላክኳቸው ሁሉ «ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን» የሚል ፈጣን መልስ ስላገኙ፣ ከምስጋና በላይ ላስቸግርዎ አልፈለግሁም።

ሰሌዳውን የሚያነበው የጽዳት ሠራተኛውም ባለጉዳዩም ነውና ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ድረ ገጽ የሚጻፈው በብዙ ትንንሽ ፋይሎች ነው። ጃቫስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ የተጻፉት እነዚህ ፋይሎች እንደተበታተኑ ወደ ሰው ስልክ አይላኩም፤ ቤት እንደሚቀይር ሰው ዕቃ የሚፈለገው ተለይቶ፣ የማይፈለገው ተጥሎ፣ ሁሉም ባንድ ተጠቅልሎ ይጫናል። ይህን የሚሠራልን ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ማሸጊያ እንበለው። ማሸጊያው ብዙ ዓይነት ነው። ከብዙዎቹ አንዱን ለመምረጥ የተከበረው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መረጠ፤ ከዚያም የተሻለ መጣ ሲባል እንደገና መረጠ። እነሆ ዛሬም እየመረጠ ነው።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ውድድሩ። ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ ሌላ ቦታ ስላልተገኘለት እዚህ ገብቷል። ኮሚቴው ማሸጊያዎቹን እንደ ሩጫ ተወዳዳሪ አሰልፎ ሲያወዳድር የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ዌብፓክ፣ በኛ ቢሮ ስሙ ሽማግሌው ነው፣ ሳይጠይቅ አንዲት ሳህን አያነሳም፤ ይቺ የት ትግባ፣ ያቺ በምን ትጠቅለል፣ ይሄ ሥዕል ነው ወይስ ጽሑፍ እያለ፣ ምን እንዲያደርግ የምንጽፍለትን የትእዛዝ ፋይል የብራና ጥቅልል የሚያህል ያደርገዋል፤ የነገሩትን ግን አይረሳም። ሮልአፕ ቁጥብ ነው፤ ማንም ያልተጠቀመበትን ቁራጭ ለቃቅሞ ያራግፋል፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች ለሚጠቀሙበት ትንሽ ሥራ እሱን የሚያህል የለም። ፓርሰል ምንም አይጠይቅም፤ በሩን ከፍተህለት ትሄዳለህ፣ ስትመለስ ቤቱ ታሽጎ ይጠብቅሃል፤ ምን የት እንዳስቀመጠ መጠየቅ ያንተ ፈንታ ነው። ኢኤስቢልድ የመጣ ቀን ደግሞ፣ ፍጥነት እንዲለካ የተመደበው ባልደረባችን፣ «ሰዓቱ» የምንለው፣ ስልኩን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ኧረ ጀምር እንኳ አላልኩትም! ማን ነው የነካው?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ ቪት መጣ፤ እሱ እኛ ስንሠራ ጭራሽ አያሽግም፣ የጠየቅነውን ዕቃ ብቻ እያነሳ ያቀብለናል፤ የሚያሽገው ገጹ ወደ ሰው ሊወጣ ሲል ብቻ ነው። ሁሉም የየራሳቸው ሙያ አላቸው፣ በአንዳቸውም ላይ ክፉ የምናገርበት አፍ የለኝም። ከእጃችን የወጣ ነገር ቢኖር ጥፋቱ የነሱ አይደለም፤ ማሸጊያ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ስለተረፈልን ጊዜም ላመስግን። ድሮ ሽማግሌው ዕቃውን እስኪያስር ኮሪደር ላይ ወጥተን እናወራ ነበር፤ ከሆስፒታሉ የሚመጡት ሰዎች ገጹ እንዴት እንደሆነላቸው የሚነግሩንም እዚያው ነበር። ዛሬ ጥቅሉ ዓይን ሳናርገበግብ ያልቃል። የተረፈውን ጊዜ ባዶ እንዳይሆን ብለው፣ ስለ ማሸጊያዎች ፍጥነት በምንወያይበት ስብሰባ ሞልተውልናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ማወዳደሪያው ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡ ያማረ ነው፤ ቀለሙን የመረጠው ሰው ሊመሰገን ይገባል። ጥቅሉ የሚያልቅበት ፍጥነት አንድ ረድፍ አለው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች ለማሸጊያው የሰጡት ኮከብ አንድ ረድፍ አለው። የትእዛዝ ፋይሉ አጭርነት፣ ማለትም ምን ያህል ጥቂት መስመር እንደሚበቃው፣ አንድ ረድፍ አለው። የአርማው ውበት እንኳ፣ ምክትልዎ «ለሞራል ጥሩ ነው» ስላሉ፣ ጠባብ ብትሆንም አንድ ረድፍ ደርሷታል። ገጹ በባለጉዳዩ ስልክ ላይ ይከፈታል ወይ የሚለው ረድፍ ብቻ የለም። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ብጠይቅ «እሱማ ግልጽ ነው፣ ይከፈታል እንጂ ምን ይሆናል» ብለው አሳረፉኝ። ግልጽ ለሆነ ነገር ረድፍ ማባከን ተገቢ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተማርኩ።

ሦስተኛ፤ ስለ መስመሯ። በሽማግሌው ረጅም የትእዛዝ ፋይል ውስጥ፣ ከእኛ በፊት የነበረች ፕሮግራመር ጽፋት የሄደች አንዲት መስመር ነበረች። ትርጉሟ ቀላል ነው፤ «ጥቅሉን ለአሮጌ ስልኮችም በሚገባቸው አጻጻፍ አዘጋጅ» ትላለች። አሮጌ ስልክ አዲሱን የጃቫስክሪፕት አጻጻፍ አያውቅም። የማያውቀው ነገር ሲደርሰው እንደ ሰው ገምቶ አያልፍም፤ ገና ከደጃፉ ይቆምና ምንም አያሳይም። ኮሚቴው ለጊዜው ያስገባው አዲሱ ማሸጊያ ካልነገሩት በስተቀር የሚያሽገው ለአዲስ ስልክ ነው፤ ይህንንም ደብቆን አያውቅም፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ዕቃችንን ከሽማግሌው ወደ አዲሱ ስናዛውር የትእዛዝ ፋይሉ ከጥቅልል ወደ ቁራጭ ወረቀት አጠረ። እርስዎ ራስዎ ሁለቱን ፋይሎች በትልቁ ስክሪን ጎን ለጎን አሳይተው «ተመልከቱ፣ ንጽህና ማለት ይህ ነው» ሲሉ ሁላችንም አጨበጨብን። ከተቆረጡት መካከል ያቺ መስመር ነበረች። አዲሱ ጥቅል የሚሞከርበት አሮጌ ስልክ በቢሮው አልጠፋም፤ የአዳራሹን መስኮት ነፋስ እንዳያንኳኳው ተወትፎበት፣ እስካሁን ያለ እንከን እያገለገለ ነው።

አራተኛው ቅሬታዬ ከሦስተኛው ጋር ስለሚገጥም አዋህጄዋለሁ። ኮሚቴው ማሳጠር እንደሚወድ አውቃለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ አረንጓዴው መስመር። ክቡር ሆይ፣ ይህ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ጥበብ ነው። ገጹ ሲበላሽ ለእኛ የሚነግረን ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ብልሽት በደረሰ ቁጥር በስክሪኑ አረንጓዴ መስመር ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። ይህ ፕሮግራም የተቀመጠው የት ነው ቢባል፣ በዚያው ጥቅል ውስጥ ነው። ጥቅሉን መፍታት ያልቻለ ስልክ ታዲያ ተናጋሪውንም አብሮ አልፈታውም፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ጎብኚዎች በምን ዓይነት ስልክ እንደመጡ የሚቆጥረውም ፕሮግራም እዚያው ጥቅል ውስጥ ነው። ጥቅሉን ያልፈታ ስልክ አልተቆጠረም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ አልመጣም። በዚህ መንገድ፣ «ከተጠቃሚዎቻችን መካከል አሮጌ ስልክ የያዘ የለም» የሚለው የኮሚቴው ሪፖርት ተገኘ። ሪፖርቱ ውስጥ አንድም የውሸት ቁጥር የለም፤ መርምሬዋለሁ። በሩ የተቆለፈበት ሰው እቤት አልገባምና፣ እቤት ያለውን ስንጠይቀው በሩ ክፍት ነው ይለናል።

ስድስተኛ፤ ይህኛው የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ይቅርታ እየጠየቅሁ አቀርባለሁ።

ሆስፒታሉ በገጽ ብቻ ቀጠሮ መያዝን በአንድ ክፍል ሊሞክር ሲነሣ የዓይን ክፍሉን መረጠ። የሌሎቹ ክፍሎች ታካሚዎች እንደ ድሮው መስኮት ላይ ይመዘገባሉ፤ ማየት የተቸገሩት ብቻ ከስልክ እንዲያነቡ ተወሰነ። ይህን የወሰኑት እርስዎ ስላልሆኑ ምስጋናው ለእርስዎ አይገባም።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩን ልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋ ነው ያረጀችው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ እያቃታት መጣና፣ ቤቷ የገባ ሁሉ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «እስቲ ያንተ ዓይን ገና ነው፣ ይቺን አስገባልኝ» እየተባለ መርፌ ይታደል ጀመር። እኛም እንደ ቀልድ ያዝነው። «አክስቴ ጋ በባዶ እጅ አይኬድም፣ በባዶ ዓይንም አይኬድም» እየተባባልን እንስቅ ነበር። እሷ ግን ለማንም ሳትናገር ተነሥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። የበሩ ጥበቃ ደግ ሰው ነው፤ «እናቴ፣ የዓይን እኮ በስልክ ሆኗል» ብሎ አድራሻውን ራሱ ስልኳ ላይ ጻፈላትና መኪና ሊያስገባ ሮጠ።

ገጹ ተከፈተ፤ ነጭ ነበር። ጠበቀች፤ ነጭ። ስልኩን አስጠጋች፣ አራቀች፣ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች፤ ያው ነጭ። ፕሮግራመር ቢሆን ገጹ ተበላሽቷል ይላል። አክስቴ ፕሮግራመር አይደለችም፣ ዓይኗን የታመመች ሴት ናት፤ ስለዚህ ዓይኔ አለቀለት አለች። ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ገጹን በየጠዋቱ እየከፈተች ዓይኗን ትመረምርበት ነበር፤ ዛሬ ፊደል ይታየኝ ይሆን ብላ።

ልጠይቃት በሄድኩ ቀን መርፌ አልሰጠችኝም። የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል። ምነው ብላት «ተወው ልጄ» አለችኝ። «እኔ እኮ የሚመጣው ጨለማ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ነጭ ነው።» ይህን ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ያየሁት የእጄን ሥራ ነው። አክስቴ፣ ይሄ ዓይንሽ አይደለም፣ የኛ ገጽ ነው ብላት አላመነችኝም፤ «አንተ ደግሞ እኔን ለማጽናናት የማታመጣው የለም» አለች። እኔም የሚታየኝ ነጭ ነው ብዬ ብምልላት ደንግጣ እጄን ያዘችኝ። «ውይ በሞትኩት! አንተንም ጀመረህ?» አለችኝ።

እርግጥ ነው፣ እዚያው ተቀምጬ በእኔ ስልክ ቀጠሮ ያዝኩላት። የኔ ስልክ አዲስ ነው፤ ገጹ ዓይን በሚስብ ፍጥነት ተከፈተ፣ ለዚህም ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። ፊደሎቹን በእኔ ስልክ ላይ፣ ደብዛዛ ቢሆኑም፣ ስታያቸው አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለቻቸው። ከዚያ መኪናውን የሸፈነችበትን ጨርቅ አነሳችና «በል ይቺን አስገባልኝ» ብላ መርፌዋን ሰጠችኝ። ሐኪሙ እስኪያያት ድረስ የተቀበለችውን የስፌት ሥራ ለማንም እንዳትመልስ ነግሬያት ተመለስኩ። እንግዲህ እሷን በሚመለከት ጉዳዩ አልቋል። የሚያሳስበኝ ሥራው ገጽ መሥራት የሆነ የወንድም ልጅ የሌለው ሰው ነው፤ እሱን የት ላግኘው? ቁጥር ውስጥ አልገባም፣ ስክሪን ላይ አልወጣም፣ ቅሬታ አያቀርብም፤ ምክንያቱም ነጩን ከዓይኑ እንጂ ከእኛ አልጠረጠረም። ዓይኑን የሚከስበት ቅጽ ደግሞ አላዘጋጀንለትም።

ሰባተኛ፤ እና የመጨረሻው። በማግስቱ መስመሯ እንድትመለስ ጠየቅሁ። መመለስ የሚፈጅብኝ አንዴ ተንፍሼ እስክጨርስ ነው፤ ነገር ግን የትእዛዝ ፋይሉ ቁልፍ በኮሚቴው እጅ ነው። መልስዎ በአክብሮት የተሞላ ነበር። ውድድሩ ገና ስላላለቀ ማንኛውም መስመር እንደማይነካ፣ አሁን መስመር መጨመር ለአንዱ ተወዳዳሪ እንደማድላት እንደሚቆጠር፣ በዚያ ላይ ጥቅሉን አክብዶ የፍጥነቱን ረድፍ እንደሚያበላሽ ገለጹልኝ። የመጨረሻው እውነት ነው፤ ለአሮጌ ስልክ የታሸገ ጥቅል ይከብዳል፣ ትንሽም ይዘገያል። «ሰዓቱ» በኮሪደር ሲያገኘኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ አንተ ትክክል ነህ፤ ግን አሁን ከገባች የእስካሁኑ ልኬ በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው፣ እባክህ አታስጨርሰኝ» አለኝ። እሱም ሰው ነው፣ አልፈረድኩበትም። ውድድሩ መቼ ያልቃል ብዬ ምክትልዎን ስጠይቃቸው፣ በዚህ ሰሞን የመጣ ሌላ ማሸጊያ ስላለ እሱን ሳይጨምሩ መዝጋት ፍትሐዊ እንደማይሆን አስረዱኝ። ፍትሕ እዚህ ቢሮ ውስጥ እንዲህ በጥንቃቄ የሚጠበቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚህ በላይ የምጠይቀው የለኝም። ማንን እንደምጠይቅም ግራ ገብቶኛል። ኮሚቴውን ብጠይቅ ሰንጠረዡን ያሳየኛል፤ ሰንጠረዡን ብጠይቅ አረንጓዴ ነው። ማሸጊያውን ብጠይቅ መመሪያዬን አንብብ ይለኛል፣ ልክ ነው። ሆስፒታሉን ብጠይቅ ገጹ የእናንተ ነው ይለኛል፣ እሱም ልክ ነው። ልክ በሆኑ ሰዎች መካከል እንደቆምኩ መስመሯን በወረቀት ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያታለሁ፤ ምናልባት ያለፈ ያገደመ ቁልፍ ያለው ሰው ቢያያት ብዬ። ትናንት አንድ ሰው ከሥሯ «ጥሩ ሐሳብ» ብሎ ጽፎባታል።

እንግዲህ የተከበረው ኮሚቴ ከምርጫ ወደ ምርጫ በሰላም እንዲሸጋገር፣ ጥቅሎቻችን ከዕለት ወደ ዕለት እንዲቀሉ፣ የትእዛዝ ፋይላችንም ቀስ በቀስ አጥሮ ባዶ እስኪሆን ድረስ ንጽህናው እንዲሠምር እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ ጠይቄ፣ ስለማይሰጡኝም መልስ ከወዲሁ አመስግኜ፣ ከፎቶ ኮፒው አጠገብ ካለችው ወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የኮሚቴዎ ታዛዥ፣
ከሆስፒታሉ የቀጠሮ ገጽ ሠሪዎች አንዱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጨርሼ ልለጥፍ ስነሣ ስልኬ ጮኸ። የሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ቀጠሮው በእኔ ቁጥር ስለተያዘ ለእኔ ደወለች። ቅሬታ ላቀርብላት እንኳ እስኪያሳፍረኝ ድረስ ትሁት ነበረች። በገጹ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ከወር ወር እየተመናመነ በመምጣቱ የከተማው ሰው ዓይን እንደተሻለው ታምኖበት የዓይን ክፍሉ መዘጋቱን፣ ሐኪሙም ታካሚ ወደሚበዛበት ሌላ ሆስፒታል መዛወራቸውን ነገረችኝ። ሊፍቱ በር ላይ የተናገሩት እንግዲህ በሆስፒታሉም ተረጋግጧል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

የአክስቴ ቀጠሮ ለሐሙስ ነበር።